ጎጆ ለመውጣት ጎጆ ከወዴት ይምጣ?

የዛሬውን ጉዳይ የምጀምረው ከራሴ ገመና ነው። ገመናን አደባባይ ማውጣት ነውር መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም። የእኔ ገመና የእኔ ብቻ ቢሆን ኖሮ ተሸፋፍኜ በተኛሁ ነበር። የአንድ ትውልድ ገመና ሲሆንስ? ያኔ ዝም ማለት ትዕግሥት ሳይሆን ተባባሪነት ነው።

ኅዳር 2017 ዓ.ም. ነው። አብርሃ ጅራ ላይ ሰሊጥ ተራግፎ፣ በሰዉ እጅ ጥቂት ብር ገብቶ፣ የጥር ሠርግ የሚታሰብበት ሰሞን። እኔም እንደ ወጉ ሦስት ሽማግሌ ላክሁ። የልጅቷ አባት ሽማግሌዎቹን በክብር ተቀብለው አስቀመጧቸው፤ ጠላም ቀዳላቸው ቤቱ። ዘሬን አልጠየቁም፣ ያውቁታል። ሃይማኖቴንም አልጠየቁም። ሥራውስ ምንድን ነው አላሉም፤ የመንግሥት ደመወዝተኛ መሆኔን ሰምተዋል። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ልጁ መልካም ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። ለመሆኑ ልጄን ይዞ የት ሊያድር ነው?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንዱ ደፈር ብለው «ለጊዜው ተከራይቶ ነው፤ እግዜር ሲል ይሠራል» አሉ። እሳቸውም «እህ! ኪራይማ አከራይ እስከፈቀደ ድረስ ነው። ታዲያ ልጄን የምድረው ለልጁ ነው ለአከራዩ?» አሉና ነገሩን ዘጉት። ሽማግሌዎቼ በጠላና በቀጠሮ ተሸኝተው ተመለሱ። ያ ቀጠሮ እስከ ዛሬ ቀጠሮ ነው።

ሰውየውን አልቀየምኳቸውም። እንዴትስ እቀየማለሁ? በእኛ ቋንቋ እኮ ትዳር መያዝ ማለት «ጎጆ መውጣት» ነው። አባቶቻችን ሚስት ማግባትንና ቤት መሥራትን በአንድ ቃል የጠሩት ቃል አጥሯቸው አልነበረም፤ አንዱ ያለ ሌላው የማይቆም ስለሆነ ነው። በእነሱ ዘመን ሙሽራው ሽመል ከዱር ቆርጦ፣ ሳር አጭዶ፣ ጓደኞቹን በደቦ ጠርቶ በጥቂት ቀናት ጎጆውን ያቆም ነበር። እኔ 31 ዓመቴ ነው፤ ዲግሪ አለኝ፣ ደመወዝ አለኝ፣ የምወዳትና የምትወደኝ ልጅ አለችኝ። ጎጆ ግን የለኝም። ያልተማረው አያቴ በሃያ ዓመቱ የነበረውን የተማርኩት እኔ በሠላሳ አንድ ዓመቴ አጣሁ። ይህ ነው እንግዲህ ዕድገት የተባለው!

አራቱ «ምርጫዎች»

በየስብሰባው ላይ «የወጣቱ የአመለካከት ችግር» የሚባል ዜማ አለ። ወጣቱ መቆጠብ አይወድም፣ ወጣቱ ከእናቱ ጉያ መውጣት አይፈልግም፣ ወጣቱ ስደት ይመርጣል ይሉናል። ይመርጣል? እስቲ ምርጫዎቻችንን አንድ በአንድ እንቁጠራቸው።

አንደኛው ምርጫ እናት ቤት ነው። አንድ ክፍል ውስጥ በመጋረጃ ተከፍሎ ከታናናሾች ጋር ማደር። ይህ ነውር አይደለም፤ እናትን መጦርም ጽድቅ ነው። ነገር ግን የሠላሳ ዓመት ወንድ እናቱ ተኝታለች ብሎ ድምፁን ቀንሶ ስልክ ሲያወራ፣ ሠላሳ ዓመት የሞላት ሴት ልጅ «መቼ ነው የምትወጪው?» የሚል ዓይን ከጎረቤት ሲያፈጥባት፣ ያ መጦር ሳይሆን መታሰር ነው። እናቲቱም ብትሆን ልጇን የምትፈልገው በእንግድነት እንዲመጣላት፣ የልጅ ልጅ እንዲያመጣላት ነው። ቤት ያጣ ልጅ እናቱንም አያት ከመሆን ይከለክላታል።

ሁለተኛው ኪራይ ነው፤ ከቻልክ ብቻህን፣ ካልቻልክ ደባል ሆነህ። እኔ የምኖረው ግድግዳውም ጣራውም ቆርቆሮ በሆነ አንድ ክፍል ሰርቪስ ቤት ነው። ሚያዝያና ግንቦት ላይ የቆላው ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ያ ክፍል ምጣድ ነው። የጠፍር አልጋዬን ደጅ አውጥቼ አድራለሁ፤ ወባ እንዳይበላኝ አጎበር እሰቅላለሁ። ማለትም፣ ለቤቱ እከፍላለሁ፣ የማድረው ግን ሰማይ ሥር ነው። ኪራዩ ከደመወዜ ሲሦውን ይወስዳል። በመስከረም 2018 የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ተሻሽሎ የመጀመሪያ ዲግሪ መነሻው 11,500 ብር ሆነ ሲባል፣ ጭማሪውን ከእኔ ቀድሞ የሰማው ገበያው ነው። ብሩ እጄ ሳይገባ የምግቡም የኪራዩም ዋጋ ተነሳ።

አከራዬን ግን እንድትራገሙልኝ አልፈልግም። ባላቸው የሞተ እናት ናቸው። ኪራዩን ሲጨምሩብኝ እያፈሩ ነበር። «ልጄ፣ እኔም የምኖረው አንተ በምትሰጠኝ ነው። ማሽላው ሲወደድ፣ ዘይቱ ሲወደድ ከየት ላምጣ?» አሉኝ። «እውነትዎን ነው እትዬ» ከማለት በቀር ምን መልስ አለኝ? ድኻ ድኻን እንዲበላ የተደረገበት አገር ውስጥ አከራይን ጠላት ማድረግ ለሹመኛው ትልቅ ዕረፍት ነው።

ሦስተኛው የጨረቃ ቤት ነው። ቀን ሹመኛ ያያልና በጨረቃ ይተከላል፤ ጧት ሲነጋ «እዚህ ቤት ነበረ» ለማለት። ሕገወጥ ነው፤ አልክድም። ግን ሕገወጥነትን የሚያፋፋው ማን ነው? ሕጋዊውን በር የዘጋው አይደለም እንዴ? ማታ የተሠራው ቤት አንዳንዴ በማግሥቱ ይፈርሳል፣ አንዳንዴ ደግሞ «ነገሩ ገብቶት» ለተግባባ ሰው ዓመታት ይቆማል። ምርጫ ሲደርስ መብራት ይገባለታል፣ ምርጫ ሲያልፍ ቀይ ቀለም ይቀባለታል። ጨረቃም ፀሐይም የሚያውቁት ሚስጥር ነው።

አራተኛው አገር ጥሎ መሄድ ነው። መተማ ዮሐንስ ድልድዩን ተሻግሮ ገላባት፣ ከዚያ ገዳሪፍ፣ ከዚያ ካርቱም። ስንቱ የእኛ ልጅ ካርቱም ሠርቶ በላከው ገንዘብ ለእናቱ ቆርቆሮ አለበሰ! ስንቱስ ወደ ሊቢያ በረሃ ዘልቆ ቀረ! ያም በር በሚያዝያ 2015 ተዘጋ። የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ በመተማ በኩል የሚገባው ሰው መዓት ሆነ፤ ሱዳናዊው ይሸሻል፣ የእኛውም ስደተኛ ባዶ እጁን ይመለሳል። በዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ ላይ ደግሞ የራሳችን ክልል በጦርነት ታመሰ፤ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከዚያ ወዲህ ያለው እገታ እንኳን ለጋዜጣ ለጠላትም የሚነገር አይደለም። ከገጠር ሸሽቶ ከተማ የገባው ገበሬ ክፍል ይፈልጋል። ልጁ የታገተበት ደግሞ ቤቱን ሸጦ ያስለቅቃል፤ ትናንት ባለቤት የነበረ ዛሬ ተከራይ ይሆናል። ይህ ሁሉ ሰው የሚሻማው እነዚያኑ ጥቂት የቆርቆሮ ክፍሎች ነው።

አራቱም እነዚህ ናቸው። «የቸገረው እርጉዝ ያገባል» ይላል ያገሬ ሰው። ይህን ነው ምርጫ የሚሉት?

የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው

አሁን ወደ ነገሩ ሥር እንውረድ። የአዲስ አበባ ሰው ቤት ቢያጣ «መሬት ጠበበ» ይባል ይሆናል። ምዕራብ አርማጭሆ፣ መተማ፣ ቋራ ላይ ምን ተብሎ ሊነገረን ነው? ዓይን እስኪደክም የሚዘረጋ ሜዳ አይደለም እንዴ ያለን? በዚህ ቆላ ለባለሀብት መሬት የሚሰጠው በሄክታር ተቆጥሮ፣ በመቶ ተቆጥሮ ነው። ለሰሊጥና ለጥጥ መቶ ሄክታር የተገኘበት አገር፣ አንድ ወጣት አልጋውን የሚዘረጋበት መቶ ሃምሳ ካሬ ሜትር እንዴት ይጠፋል? አንድ ሄክታር እኮ አሥር ሺህ ካሬ ነው። መንገዱን፣ ውሃ መውረጃውን፣ የጋራ ቦታውን ሁሉ ቀንሳችሁ አስሉት፤ ከአርባ ቤት አያንስም።

መሬቱ አልጠፋም። የጠፋው የመሬቱ ቁልፍ ነው። ቁልፉ ደግሞ የት እንዳለ እናውቃለን።

የካቲት 1967 የገጠር መሬት፣ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። በጊዜው ደስ ያላለው ድኻ አልነበረም፤ ኪራይ ተቀነሰ፣ ወርኃዊ ኪራዩ ከመቶ ብር በታች የሆነው ቤት ለቀበሌ ተሰጠ። ተከራዩ እፎይ አለ። ነገር ግን አዲስ ቤት ለኪራይ የሚሠራ ሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠፋ። መንግሥት የወረሰውን ቤት አከራየ እንጂ የወረሰውን ያህል አልሠራም። ልጆች ተወለዱ፣ ቤት ግን አልተወለደም። ደርግ ሲወድቅ የመጣው መንግሥት ብዙ ነገር ለወጥኩ ሲል ይህችን ግን አልነካትም። እንዲያውም በ1987 ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ላይ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ብሎ አተማት። «የሕዝብ» የምትለዋ ቃል ለጌጥ ናት፤ ሕዝብ የመሬት ጽሕፈት ቤት ደጅ ላይ ተሰልፎ የራሱን መሬት ሲለምን ስታዩ ትርጉሟ ይገባችኋል። የሊዝ አዋጁም ከአንዴ በላይ ተለዋወጠ፤ የ2004ቱ አዋጅ 721 ለመኖሪያ ቤት 99 ዓመት ፈቀደ። ቦታው የሚገኘው ግን በጨረታ ወይም በምደባ ነው። በጨረታ ገንዘብ ያለው ያሸንፋል። በምደባ ሰው ያለው ያሸንፋል። ገንዘብም ሰውም የሌለው ወጣት በየትኛው በር ይግባ?

ያው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 የአገር አቅም በፈቀደ መጠን ለዜጎች ትምህርት፣ ጤና፣ ንጹሕ ውሃ፣ መኖሪያ ቤት እንዲዳረስ ፖሊሲ ይነደፋል ይላል። አቅም በፈቀደ መጠን! ለአደባባይ ማስዋቢያ አቅም ይፈቅዳል። ለፏፏቴና ለመንገድ ዳር መብራት አቅም ይፈቅዳል። ለአንድ ክፍል ጎጆ ሲሆን አቅሙ ወዴት ይሄዳል?

ተደራጁ አሉን፤ ተደራጀን

«ተደራጁ» የሚለውን ቃል የማያውቅ ወጣት በዚህ አገር የለም። እኛም ሰማን። 2011 ዓ.ም. ላይ እኔና ጓደኞቼ፣ መምህር፣ ነርስ፣ ሾፌር፣ ሱቅ ጠባቂ፣ የቤት ኅብረት ሥራ ማኅበር መሠረትን። ገንዘባችሁን በዝግ ሒሳብ አስገቡ ተባልን፤ አስገባን። አንዱ በሬውን ሸጦ፣ አንዷ ወርቋን ሸጣ፣ እኔም ዕቁቤን አውጥቼ። ፎርም ሙሉ አሉን፤ ሞላን። ያላገባችሁ መሆኑን አረጋግጡ አሉን፤ አረጋገጥን። በኋላ ደግሞ ያገባ ይቅደም አሉ። ቤት የለኝምና አላገባሁም፤ አላገባሁምና ቤት አይደርሰኝም! ይህን ክብ ያወጣው ሰው ምን ያህል ቢራቀቅ ነው?

ከዚያ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ተቀየረ። አዲሱ «ፋይላችሁ ይጣራል» አለ። ሲጣራ ከረመ። እሱም ተቀየረ። ከዚያ ጦርነት ነው ተባለ፤ እውነትም ነበር። ከዚያ መመሪያው ተሻሽሏል ተባለ። በየመሐሉ «አንድ ሰው አለ፣ እሱን አናግሩት» የሚል ሹክሹክታ ጆሯችን ይደርሳል። ከጅብ ጅማት የተሠራ ክራር ቅኝቱ ሁሉ እንብላው እንብላው ነው። ገሚሶቻችን ለማነጋገር አቅም አልነበረንም፤ ገሚሶቻችን ሕሊናችን እምቢ አለ። ቦታውም እስከ ዛሬ አልመጣም።

ብሩስ? ብሩ እዚያው ዝግ ሒሳብ ውስጥ ነው፤ አልጠፋም። ይህ ነው የሚያናድደው። ቁጥሩ አልጠፋም፣ ጉልበቱ ግን ሞተ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 መንግሥት የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቀው 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። ብረቱና ቆርቆሮው በዶላር የሚገባ ነው። በ2011 ቤቱን ከመሠረት እስከ ጣራ ያቆም የነበረው ገንዘባችን ዛሬ ጣራውንም በቅጡ አያለብሰው። ሌባ መስኮት ሰብሮ ቢወስድብን እንጮህ ነበር። ይህን ሌባ ግን ማን ብለን እንክሰሰው? ቦታ አልሰጡን፣ ብራችንን አልመለሱ፤ አስቀምጠው አበሰበሱት። ከመሐላችን አንዱ «ምናለ ያን በሬ ባልሸጥኩት፤ በሬው እንኳ ይወልድልኝ ነበር» አለ። ሳቅንበት፤ በሬ ይወልዳል እንዴ ብለን። ነገሩ ሲያልቅ ግን ማንም አልሳቀም።

ላም አለኝ በሰማይ

«አዲስ አበባ ብትሆን ኖሮ» የሚለኝ አይጠፋም። እስቲ አዲስ አበባን እንያት። በ1997 ለኮንዶሚኒየም የተመዘገበው ወጣት ስንቴ ዕጣ ጠበቀ? በ2005 ደግሞ 10/90፣ 20/80፣ 40/60 እየተባለ እንደገና ተመዘገበ። በየወሩ ቆጠበ። ፀጉሩ ሸበተ። ሐምሌ 2014 ላይ ዕጣ ወጣ ተብሎ እልል ተባለ፤ ጥቂት ቀን ሳይቆይ በኮምፒዩተሩ ውስጥ የገባው የስም ዝርዝር ተነካክቷል ተብሎ ዕጣው ተሰረዘ! ለዓመታት የቆጠበን ሰው ስም ከቆጠበበት መዝገብ መጠበቅ ያልቻለ አስተዳደር ማንን ሊያስጠልል ነው? ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው። እኛ አብርሃ ጅራ የምንኖረው ደግሞ ላሟ በሰማይ መኖሯን እንኳ የምንሰማው በሬዲዮ ነው።

መጋቢት 2016 ላይ ፓርላማው የኪራይ ቁጥጥር አዋጅ አጸደቀ፤ ቁጥር 1320። ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ቢያንስ ለሁለት ዓመት ይሁን፣ ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር አይብለጥ፣ ጭማሪ በዓመት አንድ ጊዜ ተቆጣጣሪው በሚያወጣው ልክ ይሁን ይላል። መልካም ነው፤ መልካሙን መልካም እንላለን። ነገር ግን አዋጁ የሚሠራው በአዲስ አበባ፣ በድሬዳዋና ክልሎች በሚሰይሟቸው ከተሞች ነው። የወረዳ ከተማ ተከራይ ከተከራይ አይቆጠርም ማለት ነው? ደግሞስ የ1967ቱ ትምህርት የት ገባ? ኪራይ መቆጣጠር ያለውን ቤት ማከፋፈል እንጂ የሌለውን መውለድ አይደለም። በአንድ እጅ ኪራይ እየቆጣጠሩ በሌላው እጅ በኮሪደር ልማት ስም የድኻ ሰፈር ማፍረስ፣ ውሃ በወንፊት መቅዳት ነው።

ከኛም የባሰ አለ

ስለ ራሴ ብዙ አወራሁ። ከእኔ የባሰውን ትቼ ብዘጋው ግን እግዜርም አይወደው። ነሐሴና መስከረም ላይ ከደጋው፣ ከጎጃም፣ ከበለሳ፣ ከደብረ ታቦር ወገን፣ ማጭዱን ይዞ ወደ ቆላው የሚወርደውን ወጣት ታውቁታላችሁ። ሰሊጥ ሲደርስ ቀን አይሰጥም፤ ቶሎ ካልታጨደ ይረግፋል። የባለሀብቱ ሀብት የቆመው በዚህ ልጅ ወገብ ላይ ነው። ይህ ልጅ የት ያድራል? ሜዳ ላይ። ዕድለኛው በሸራ ወይም በአገዳ በተጋረደ ዳስ ሥር፣ ሌላው ከግራር ሥር፣ ማዳበሪያ አንጥፎ።

የዚያ ሜዳ አፈር ጥቁር ዋልካ ነው፤ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። በስንጥቁ ውስጥና በግራሩ ዙሪያ የአሸዋ ዝንብ ትኖራለች። ሌሊት ወጥታ ትነክሰዋለች፤ ካላዛር ትሰጠዋለች። ሆዱ ይነፋል፣ ሰውነቱ ይከሳል፣ ትኩሳቱ አልለቅ ይላል፤ ካልታከመ ይሞታል። በአጠገባችን አብደራፊ ላይ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ለዓመታት ያከሙት በሽታ ይህ ነው፤ አብዛኛው በሽተኛም ጉልበቱን ሊሸጥ የወረደ ወጣት ነው። በ1997 ዓ.ም. ደግሞ ሊቦ ከምከም ላይ፣ በሽታው በማይታወቅበት ደጋ፣ ካላዛር ተነስቶ ብዙ ሰው ፈጀ፤ ከቆላው የተመለሱ ሠራተኞች ይዘውት ሳይወጡ አልቀረም ነው የባለሙያዎቹ ግምት። እንግዲህ ቤት ማጣት የምቾት ጉዳይ ነው የሚል ካለ ይህን ያንብብ። እዚህ ቆላ ቤት ማጣት ሰው ይገድላል። አንድ ግድግዳ፣ ከመሬት ከፍ ያለ መኝታና አንድ አጎበር ስንት ያስወጣል? ከአንድ ሄክታር ሰሊጥ ይበልጣል?

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 በ2011 ሲወጣ የአነስተኛ ደመወዝ ወለል የሚወስን ቦርድ ይቋቋማል ብሎ ነበር። ወረቀቱ ያለበት ቦታ ደህና ጣራ አለው ብዬ እገምታለሁ።

«ሰነፍ ናችሁ» ለሚሉን፣ ለራሳችንም

ሁለት ሰዎች ይመልሱልኛል። አንደኛው «እኛ በናንተ ዕድሜ ከምንም ተነስተን ቤት ሠርተናል፤ እናንተ ጫትና ስልክ ነው ሥራችሁ» የሚለው ታላቄ ነው። ጋሼ፣ እውነት ብለዋል፣ ሠርተዋል። ግን ያኔ ሽመሉን ከዱር ሲያወጡ ማን አስፈቀዱ? ቦታውን ያገኙት ከአባትዎ ወይስ ከጨረታ? በመካከላችን ጫት የሚያመነዥክ የለም አልልም። ነገር ግን ጫት ያቆመ ሁሉ ቤት ሲሠራ አሳዩኝና ነገ አስቆማቸዋለሁ።

ሁለተኛው «ጦርነት ባለበት ጊዜ ስለ ቤት ማውራት ቅንጦት ነው፤ መጀመሪያ ሰላም» የሚለው ነው። ሰላም ማንም አይጠላም፤ እኛ ደግሞ ከማንም በላይ ጠምቶናል። ግን ልጠይቅ፦ ጎጆ፣ ሚስትና ልጅ ያለው ወጣት ነው ወይስ የሚያጣው ነገር የሌለው ወጣት ነው ጠመንጃ የሚቀለው? ቤት የሚሰጠው ሰላም ሲመጣ ነው ካላችሁ፣ ሰላሙም የሚመጣው ወጣቱ የሚጠብቀው ደጃፍ ሲኖረው ነው።

ተቃዋሚ ነን የምንለውንም አልምርም። መሬት የግል ይሁን፣ የለም የወል ይሁን እያልን ከ1983 ጀምሮ በአዳራሽ ተከራክረናል። ክርክሩ ትልቅ ነው፤ አያንስም። ግን የትኛው ፓርቲያችን ነው «የአብርሃ ጅራ ወጣት በዚህ ዓመት እዚህ ቦታ ላይ፣ በዚህ ወጪ ጎጆ ይወጣል» ብሎ ቁጥር ጽፎ ያሳየ? ገዥው ፓርቲ ስሙን ብልጽግና ብሎ ጎጆ ነፈገን፤ እኛ ደግሞ መፈክር ብቻ ይዘን ብንመጣ ወጣቱ ከመፈክር ሥር አያድርም።

ምን ይደረግ?

የምለው ሰማይ የሚነካ አይደለም። በጀት አልጠየቅሁም፤ ፎቅ ሥሩልንም አላልኩም።

አንድ፣ በየከተማው ዙሪያ ትንንሽ ቦታ ተሸንሽኖ ለመጀመሪያ ቤት ሠሪ ይሰጥ፤ በጭቃም ይሁን በሽመል ራሱ ይሥራው። ተራው ለሕዝብ በሚታይ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ስሙ ከማን በኋላ እንዳለ የሚያውቅ ሰው ጉቦ የሚከፍልበት ምክንያት የለውም።

ሁለት፣ በዝግ ሒሳብ የበሰበሰው የማኅበራት ገንዘብ ወይ ቦታው ይሰጥበት፣ ወይ ከወለዱ ጋር ይመለስ። መካከለኛ የለውም።

ሦስት፣ ከመንግሥት በሄክታር መሬት የወሰደ ሁሉ ለሠራተኛው ማደሪያ፣ መኝታና አጎበር ማዘጋጀቱ የውሉ ግዴታ ይሁን። ካላደረገ መሬቱን ይመልስ።

አራት፣ የጽሑፍ የኪራይ ውል ለወረዳ ከተማም ይድረስ። አከራዬ እትዬም ይጠበቁ፣ እኔም ልጠበቅ።

«ቤት ለእንግዳ» የምንል ሕዝብ ነን። በ2015 ሱዳናዊው ከጦርነት ሲሸሽ ኩመርና አውላላ ላይ ድንኳን ተተከለለት፤ እሱም በቅጡ ባለመጠበቁ በሚያዝያ 2016 ብዙዎች መጠለያውን ጥለው ጫካ ዳር ሰፈሩ። ለእንግዳ ቤት ማጣታችን ያሳፍራል። ለእንግዳውም ለልጃችንም ስናጣ ግን የምንለውን ቃል ራሱ ከአፋችን ማውጣት አለብን።

ሽማግሌዎቼ ዘንድሮም ተዘጋጅተዋል። ጋቢያቸው ታጥቧል፤ ከዘራቸው በር ላይ ተደግፏል። «እንሂድ?» ይሉኛል። እኔ ግን አንድ ጥያቄ አላስተኛ ብሎኛል፤ ያ አባት «የት ሊያድር ነው?» ብለው እንደገና ቢጠይቁ ምን ብለው ይመልሱ? ጥያቄው ለእኔ የተጠየቀ መስሎኝ አንድ ዓመት ሙሉ አፈርኩ። ከእንግዲህ አላፍርም። ጥያቄው የሚገባው የቦታውን ቁልፍ በኪሱ ይዞ ለሚዞረው ሰው ነው። ሽማግሌዎቼን ዘንድሮ የምልከው ወደ እሱ ነው።

ቸር ይግጠመን።